ጥያቄው «የት ተማረ?» አይደለም

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ አያታችን ቤት ነን። ቡናው በረካ ላይ ደርሷል፤ ክርክሩ ግን ገና አቦል ነው። አጀንዳው አንድ ብቻ፦ የእማማን ዓይን ማን ይንካው?

«ዓይን» ብለን በነጠላ የጠራነው በስህተት አይደለም። ግራው ከዓመታት በፊት ሄዷል። የቀረው ቀኙ ነው፤ እሱም ላይ ሞራው ወፍሮ ወተት መስሏል። እማማ እኛን የልጅ ልጆቻቸውን የሚለዩን በድምፃችንና በእግራችን ኮቴ ብቻ ሆኗል። በወጣትነታቸው ከእንጦጦ ጫካ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ያንን ቁልቁለት ይወርዱ የነበሩ ሴት፣ ከአልጋቸው እስከ በሩ ግድግዳ እየዳበሱ ይሄዳሉ።

አክስታችን «ፈረንጆቹ በአውሮፕላን ሆስፒታላቸው እስኪመጡ እንጠብቅ» ትላለች። ከሜሪላንድ የደወለው አጎታችን፣ ድምፁ ከስልኩ ማጉያ እየጮኸ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ አለው፦ «ዶክተሩ የት ነው የተማረው? እዚያው ነው ወይስ ውጭ?» ጎረቤታቸው እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ይወሰዱ ባይ ናቸው። እማማ እንኳ ጠበሉንም ሐኪሙንም አይጠሉም፤ «ሁለቱም የእግዜር ናቸው» ብለው ዝም። እኛስ? ጋዜጠኝነት ተምረናል፣ ጥያቄ መጠየቅ ሙያችን ነው ብለን የምንጎርረው እኛ፣ የምንጠይቀው ጠፋን።

ወደየቤታችን ስንመለስ ግን አንድ ነገር ከነከነን። ይህ የእኛ ቤት ክርክር ብቻ አይመስለንም። እናንተም ቤት ይኖራል። ሐኪም ስንመርጥ የምናየው ሽበቱን ነው፤ «ፕሮፌሰር» የምትለዋን ማዕረግ ነው፤ ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ በመስታወት የተሰቀለውን የውጭ ዲፕሎማ ነው። ስለ እጁ ግን አንጠይቅም። ዓይን ውስጥ የሚገባው ደግሞ ዲፕሎማው ሳይሆን እጁ ነው!

የእኛ አቋም ይኼ ነው፦ የዓይን ቀዶ ሐኪም እውነተኛ ሲቪ የሠራቸው ዓይኖች ብዛትና እነዚያ ዓይኖች ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንዳዩ ነው። ታካሚም ይህን የመጠየቅ መብት አለው። ነውር የለበትም።

ለምን ይህን ያህል እንደተቆጣን ለመንገር ወደ ግራው ዓይን እንመለስ። ስሙን በማንጠራው አንድ ቦታ ነበር የተሠራው። ፋሻው ሲነሳ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። አመማቸው፤ ተመላለሱ፤ ብርሃኑ ግን ተመልሶ አልመጣም። ጥፋቱ የሐኪሙ ይሁን፣ የኢንፌክሽን ይሁን፣ ወይስ ከሞራው ጀርባ ቀድሞም የተደበቀ ሌላ በሽታ ኖሮ ይሁን የሚነግረን አላገኘንም። የቀረን አንዲት ወረቀት ናት፦ ቀን፣ ማህተም፣ የማይነበብ ፊርማ። የሠራው ሰው ከዚያ በፊት ስንት ዓይን ሠርቶ ነበር? ከሠራቸውስ ስንቱ አየ? ወረቀቷ ዝም። እውነቱን ለመናገር፣ እኛም በጊዜው «የት ተማረ?» ከማለት ያለፈ አልጠየቅንም። መልሱም ደስ የሚል ስለነበር ረክተን ነበር።

እስቲ እንግዲህ አንድ ልምድ ያለው የዓይን ቀዶ ሐኪም ከየት እንደሚመጣ እንከታተል። ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከፈረንሳይ ታክሲ ይዛችሁ ወደ አራት ኪሎ አቅጣጫ ስትወርዱ፣ እዚሁ የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል አለ። ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ትምህርት ክፍል ለአሥርት ዓመታት ስፔሻሊስቶችን ያሰለጠነው እዚህ ግቢ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ዓይን ባንክም ቤቱ እዚሁ ነው። ስንቶቻችን ነን በታክሲ መስኮት እያየነው ያለፍነው?

የሃያ ዓመት ልምድ አለው የሚባል ሐኪም መንገዱ በአብዛኛው እንዲህ ነው። ስድስት ሰባት ዓመት ሕክምና ይማራል። ከዚያ ዕጣ ያወጣል፤ ዕጣውም አንድ ሩቅ ወረዳ ያደርሰዋል። እዚያ የዓይን ሐኪም አልነበረም። አዋላጅ ነበር፣ የሕፃናት ሐኪም ነበር፣ ሌሊት በባትሪ ብርሃን ቁስል ሰፊ ነበር። ዕድል ቀንቶት ለስፔሻሊቲ ሲመለስ ሌላ ሦስት አራት ዓመት ይጠብቀዋል። በዚህ ሙያ ጀማሪ በመጀመሪያ የሚለማመደው እንደ በግና ፍየል ባሉ የእንስሳት ዓይኖች ላይ ነው። ቀጥሎ ከመምህሩ ጎን ይቀመጣል፤ በማይክሮስኮፑ ሁለተኛ መመልከቻ ያያል። ከቀዶ ሕክምናው አንዷን ደረጃ ብቻ ይሞክራል። ነገ ሁለተኛዋን። ሙሉውን ከመነሻ እስከ መድረሻ ብቻውን የሚሠራበት ቀን በኋላ ነው የሚመጣው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? የዓይናችን ሌንስ የተቀመጠው በአንዲት ከረጢት ውስጥ ነው። የከረጢቷ የኋላ ሽፋን ውፍረት የአንድ ሚሊሜትር ጥቂት ሺኛ ብቻ ነው። ሐኪሙ የደነደነውን ሞራ አውጥቶ ያቺን ሽፋን ሳይቀድ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካባታል። ሽፋኗ ከተቀደደች ዓይን ጠፋ ማለት አይደለም፤ ግን ቀላሉ ሥራ ድንገት ከባድ ይሆናል። ልምድ የሚታየው ያኔ ነው። በእንግሊዝ አገር ከ55 ሺህ በላይ የሞራ ቀዶ ሕክምናዎች ተመዝግበው እ.ኤ.አ. በ2009 ውጤቱ ሲታተም፣ ይህ ችግር የገጠመው ከመቶ ወደ ሁለት በሚጠጉት ላይ ነበር። ሠሪው ገና ጀማሪ ሠልጣኝ ሲሆን ግን ዕድሉ ከነባሩ ስፔሻሊስት ወደ አራት እጥፍ ይጠጋ ነበር።

አሁን ወደ ሜሪላንዱ አጎታችን። «ውጭ የተማረ» ሲል የቆጠረው ነገር አለ እንዴ? አሜሪካ ውስጥ አንድ የዓይን ሐኪም ሥልጠናውን ለመጨረስ በዋና ሠሪነት እንዲሠራ የሚጠየቀው የሞራ ቀዶ ሕክምና ቢያንስ 86 ነው። በእንግሊዝ ለዓመታት የተጠየቀው 350 ነበር። ሁለቱም «ውጭ» ናቸው! ሁለቱም ዲፕሎማ መስታወት ውስጥ ያምራሉ። ልዩነቱን የምታዩት ቁጥሩን ከጠየቃችሁ ብቻ ነው። (በእርግጥ ብዙዎቹ ከዝቅተኛው በላይ ሠርተው ነው የሚወጡት፤ አጎታችን እንዳይቀየመን።)

ሌላም አለ። የእማማ ዓይነቱ ሞራ፣ ነጭ ሆኖ የደነደነው፣ ሰዎች ገና መንዳት ሲያስቸግራቸው በሚታከሙበት አገር ብዙ ጊዜ አይገኝም። እኛ አገር ነው ሰው በምርኩዝና በልጅ እጅ እየተመራ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ የዓይነ ስውርነት ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶ፣ ማለትም ወደ 1.2 ሚሊዮን ሰው፣ ማየት እንደተሳነው አሳይቶ ነበር። ግማሽ ለሚሆኑት ምክንያቱ የዓይን ሞራ ነው፤ ሊድን የሚችለው! በዚያን ዘመን በመላ አገሪቱ የነበሩት የዓይን ስፔሻሊስቶች መቶ አይሞሉም ነበር፤ አብዛኞቹም አዲስ አበባ። አሳዛኝ ነው። ግን ከዚህ አሳዛኝ ነገር አንድ ነገር ተወልዷል፦ በዚያ ወረፋ መካከል ያደገ ሐኪም፣ የሌላው አገር ባልደረባው በመጽሐፍ የሚያየውን ሞራ በየሳምንቱ በእጁ ይዞታል።

«በማሽን ካልሆነ» የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ የኔፓል ጥናት እንንገራቸው። 108 ታካሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹን ታዋቂው አሜሪካዊ ሐኪም ዴቪድ ቻንግ በፋኮ ማሽን ሠራ፤ ግማሾቹን ኔፓላዊው ሳንዱክ ሩይት ስፌት በማያስፈልጋት ትንሽ ቀዳዳ፣ በእጅ። ከስድስት ወር በኋላ በሁለቱም ወገን ከመቶ 98ቱ በመነጽር ተስተካክለው ጥሩ ያዩ ነበር። የሩይት ሥራ ግን በአማካይ 9 ደቂቃ ሲፈጅ፣ የማሽኑ ከ15 ደቂቃ በላይ ወሰደ፤ ወጪውም ከፍ ያለ ነበር። ልብ በሉ፦ ጥናቱ በእጅ መሥራት ሁልጊዜ ይበልጣል አላለም። ሁለት የበቁ እጆች፣ በተለያየ መሣሪያ፣ እኩል ቦታ ደረሱ ነው ያለው።

የአክስታችን አውሮፕላንስ? ኦርቢስ የሚባለው በራሪ የዓይን ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ዓለምን ዞሯል። ዋና ሥራው ግን ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ማስተማር! የየአገሩን ሐኪሞች እጅ ማሠልጠን። እኛ አውሮፕላኑን ስንጠብቅ፣ አውሮፕላኑ የመጣው እኛ አንፈልግም ያልነውን የራሳችንን ሐኪም ብሎ ነው።

እንግዲህ «የዕድሜ ባለጠጋ የሆነውን መርጠን እንገላገል» ለምትሉ፣ እዚህም ላይ ቆም በሉ። ዓመት ብቻውን ልምድ አይሆንም። የዛሬ ሠላሳና አርባ ዓመት የሞራ ቀዶ ሕክምና ሌንሱን ከነከረጢቱ አውጥቶ መጣል ነበር። ታካሚው የጠርሙስ ቂጥ የመሰለ መነጽር ይሰጠዋል፤ መነጽሩ ከወደቀ ዓለሙም አብሮ ይወድቃል። ቀጥሎ ከረጢቷን ትቶ ሌንስ መትከል መጣ፤ በብዙ ስፌት። ከዚያ ስፌት አልባው መጣ። ፋኮም ተስፋፋ። በነዚህ ሁሉ ያለፈ አንጋፋ ሐኪም በሙያ ዘመኑ ሦስት አራት ጊዜ እንደገና ተማሪ ሆኗል ማለት ነው። የተከበረ ፕሮፌሰር ሆኖ ሳለ አዲስ ዘዴ ለመልመድ ከታናሹ ጎን የተቀመጠ ሰው ቢኖር፣ እኛ ባርኔጣችንን የምናነሣው ለሱ ነው። በተማረበት ዘዴ ላይ ቆሞ የቀረ የሠላሳ ዓመት ሐኪም ግን የአንድ ዓመት ልምዱን ሠላሳ ጊዜ ደገመው እንጂ ሠላሳ ዓመት አልሠራም።

የሥራ ብዛት ግን ይቆጠራል። በካናዳ የኦንታሪዮ ግዛት መረጃ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት በዓመት ከ50 እስከ 250 ሞራ የሚሠሩ ሐኪሞችንና ከ1000 በላይ የሚሠሩትን አነጻጽሮ ነበር። የተመረጡ ከባድ ችግሮች በመጀመሪያዎቹ ዘንድ ከሺህ ስምንት፣ በሁለተኛዎቹ ዘንድ ከሺህ አንድ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ «ስንት ዓመት ሠራህ?» ከሚለው ይልቅ «ባለፈው ዓመት ስንት ሠራህ?» የሚለው የተሻለ ጥያቄ ነው።

«ይህ የፈረንጅ አገር ወግ ነው፤ እኛ ዘንድ ማን ይቆጥራል?» እንዳትሉን። ተቆጥሯል፤ ያውም በገጠር። በትራኮማ ምክንያት ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ሲቀለበስ ዓይንን እየፋቀ ያጠፋል። ይህን የሚያስተካክለውን የቆብ ቀዶ ሕክምና አገራችን ውስጥ በብዛት የሚሠሩት ስፔሻሊስቶች ሳይሆኑ ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶችና መሰል የጤና ባለሙያዎች ናቸው። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ እስማኤል ሀብታሙና ባልደረቦቹ በአማራ ክልል 1000 ታካሚዎችን በዕጣ በሁለት የአሠራር ዘዴ አስሠርተው፣ ለአንድ ዓመት ተከታትለው፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2016 አሳተሙ። በአንዱ ዘዴ ሽፋሽፍቱ ተመልሶ የተቀለበሰባቸው ከመቶ 22 ሲሆኑ፣ በሌላው 13 ናቸው። ታካሚው ከቤቱ ተፈልጎ፣ ዓይኑ ዳግም ታይቶ፣ ተቆጥሮ። ማዕረግ ሳይሆን ውጤት ማለት ይኼ ነው። ገጠር ውስጥ የተቻለ ነገር መሐል አዲስ አበባ አይቻልም ብሎ የሚሟገተን ይኖር ይሆን?

መለኪያውም የታወቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ከሞራ ቀዶ ሕክምና በኋላ ከመቶ ታካሚ ቢያንስ 80ው ጥሩ እንዲያይ፣ እጅግ ደካማ እይታ ይዘው የሚቀሩትም ከአምስት እንዳይበልጡ ይላል። ታዲያ እያንዳንዱ የዓይን ክሊኒክ ግድግዳው ላይ፣ ከዲፕሎማው ጎን፣ ይህን አንድ ቁጥር ቢሰቅል ምን ይጎዳዋል?

ይጎዳል የሚሉ አሉ፤ ክርክራቸውም የሚናቅ አይደለም። ቁጥር ከተለጠፈ ሐኪሞች ቁጥራቸው እንዳይበላሽ ከባዱን ዓይን ይሸሻሉ ይላሉ። እውነት ነው፤ ሊሸሹም ይችላሉ። ስለዚህ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን የዓይኑ ክብደትም አብሮ ይመዝገብ። ሁለተኛው ክርክር የበለጠ ይከብዳል፦ ሁሉም ሰው «ሺህ የሠራው ይሥራኝ» ካለ፣ አሥር የሠራው እንዴት ሺህ ይደርሳል? የዛሬው አንጋፋም አንድ ቀን እጁ እየተንቀጠቀጠ የመጀመሪያ ዓይኑን ሠርቷል። ያ ዓይን የአንድ ሰው ነበር። እሱን የሰጠውን ሰው ማን አመሰገነው?

መልሱ መደበቅ ነው ብለን አናምንም። ሠልጣኝ ይሠራል፤ መምህሩ አጠገቡ ሆኖ፣ ቀለል ካለው ዓይን ጀምሮ፣ ታካሚውም አውቆት። አንድ ዓይን ብቻ የቀረው ሰው ደግሞ ለበቃው እጅ ይሰጣል። ይህ በሙያው የቆየ ልማድ ነው። ታካሚው ግን አንድ ዓይን እንዳለው ካልተናገረ፣ ሐኪሙም የሱ እጅ የስንተኛው እንደሆነ ካልነገረው፣ ልማዱ በምን ይጠበቃል?

እና ጠየቅን። እማማን ይዘን አንድ ሐኪም ፊት ተቀምጠን፣ ወረቀት ላይ የጻፍናቸውን ጥያቄዎች አወጣን። ባለፈው ዓመት ስንት ሞራ ሠሩ? እንደዚህ የነጣውንስ? ከረጢቷ ስንቱ ላይ ተቀደደች? ያኔስ ምን ያደርጋሉ? ቢላዋውን የሚይዘው እርስዎ ነዎት ወይስ ሌላ? አክስታችን በሐፍረት መሬት ልትገባ ደረሰች፤ «ዶክተር፣ ይቅርታ፣ ልጆች ናቸው» አለች።

ሐኪሙ አልተቀየሙም። እዚሁ አገር የተማሩ ናቸው (አጎታችን ይስማ)። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ፣ በቁጥር መለሱ። የተበላሸባቸውንም ሳይደብቁ። ከዚያ እነሱ ደግሞ የጠየቁን ግራው ዓይን እንዴት እንደጠፋ ነበር። ያቺን ወረቀት ሰጠናቸው። ገለበጧት፤ ጀርባዋ ባዶ ነው። ምንም አላሉም። ቀኙን በአልትራሳውንድ ከሞራው ጀርባ አዩት፤ ተስፋ እንዳለው፣ ግን ዋስትና እንደማይሰጡ ነገሩን። «መቶ በመቶ» ቢሉን ኖሮ ይዘናቸው የምንወጣ ይመስለናል።

ቀዶ ሕክምናው ተሠራ። ሠልጣኙ ከጎን ተቀምጦ አየ። እማማ ሲገቡ እጁን ይዘው «አንተም እይ፤ ነገ የሰው ዓይን አንተ ዘንድ ነው የሚመጣው» ማለታቸውን የሰማነው በኋላ ነው።

በማግስቱ ፋሻው ተነሣ። ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ ዞረው አዩንና «ከስታችኋል» አሉ። በቃ፣ ይህን ብቻ። አሁን ጠዋት ጠዋት በር ላይ ተቀምጠው እንጦጦን ያያሉ፤ ባሕር ዛፉ ሳስቷል እያሉም ያማርራሉ። ጠበላቸውንም አልተዉም።

የእማማ ዓይን ማየቱ ለክርክራችን ማስረጃ አይሆንም፤ አንድ ዓይን ነው። ሳይሳካም ሊቀር ይችል ነበር። ባይሳካ ግን ማን፣ በምን ልምድ፣ ለምን እንደሠራው የምናውቅበት ወረቀት በእጃችን ነበር። ለግራው ዓይን ይህ አልነበረም።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ነገ እናታችሁን ወይም አያታችሁን ይዛችሁ ሐኪም ፊት ስትቀመጡ፣ «የት ተማሩ?» የምትለዋን ለአጎታችን ተዉለት። ስንት ሠሩ? ስንቱ አየ? በሉ። ጥሩ ሐኪም ይህን ጥያቄ አይፈራውም። የሚቆጣችሁ ካለ ደግሞ፣ እሱም ቢሆን መልስ ነው።

ብርሃን አያሳጣን።